አባባ መስተዋት ውስጥ ያገኟት እጅ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ ገና በር ላይ ሳለሁ፣ "ሰማሽ? ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች የሚሰጠው የእንቅስቃሴ ሕክምና እዚሁ ቢቸና ሊጀመር ነው!" አለችኝ። ቦርሳዬን ወርውሬ አቀፍኳት። እልል ልል ስል ግን አባባ ትዝ አሉኝና እንባዬ ቀደመኝ።

አባባ ሻሽና ሽርጥ ይሸጡ ነበር። ስትሮክ ሲመታቸው ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ቀኝ እጃቸው እንደተጨበጠ ደረቀ፤ ጥፍራቸው መዳፋቸውን ያቆስል ጀመር። የባሰው ግን ምግቡ ነበር። የሰፈራችን ሼህ ራሳቸው "ለታመመ ሰው በግራ መብላት ይፈቀዳል" ቢሏቸው፣ "ቢስሚላህ ብዬ በግራዬ አልጎርስም" አሉ። እኔ ሳጎርሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

በጥቅምት ሞጣ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ጤፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል፤ መንገድ ዳር የገዛነው የባቄላ እሸት ሽታው ሚኒባሱን ሞልቶታል። አባባ አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመሱም።

ሐኪሟ በሁለቱ እጆቻቸው መሃል መስተዋት አቁማ ቀኙን ከኋላው ደበቀችው።

"አባቴ፣ ግራዎን ያንቀሳቅሱ። መስተዋቱ ውስጥ የሚያዩትን ቀኜ ነው ብለው ያስቡ፤ አእምሮ እንዲህ ነው የሚማረው።"

"ግራውን ቀኝ ነው ብዬ ራሴን ልዋሽ?"

ቢቸና ስንመለስ ደንበኞች ሻሽ ሲሞክሩ የሚያዩበትን የሱቃችንን መስተዋት አመጣሁ። አባባ በየቀኑ ይለማመዳሉ፤ ለውጥ ግን የለም። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ባያቸው ዐይናቸውን ጨፍነዋል! ለካ ውሸቱን ላለማየት ኖሯል።

"አባባ፣ ሴቶቹ በዚህ መስተዋት እያዩ 'አማረብኝ' ሲሉ መስተዋቱ ዋሽቷቸው ነበር?"

"ወይ አንቺ የነጋዴ ልጅ!" በግማሽ አፋቸው ሳቁ። ዐይናቸውን ገለጡ። ግራቸውን ሲዘረጉ መስተዋቱ ውስጥ ቀኝ እጅ ስትዘረጋ አዩ። "ናፍቃኝ ነበር፣ ይቺ እጅ" አሉ።

ለወራት ለፋን። መዳፋቸው ላላ፤ እማማ ጥፍራቸውን ሳያማቸው ቆረጠችላቸው። ግንቦት ላይ ቢስሚላህ ብለው በቀኛቸው አንዲት ጉርሻ አነሱ። ግማሹ ሽሮ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ማናችንም አልጠረግንላቸውም። ወደ እኛ ዞረው አኘኩ።

ክረምት ሲገባ ሁለተኛው ስትሮክ ወሰዳቸው። ጣቶቻቸው ግን ተዘርግተው ነበር።

አንዲት ጉርሻ ምን ትፈይዳለች የሚል አይጠፋም። እኛ ቤት ያን ቀን ምን እንደነበረች መጻፍ ገና አልቻልኩበትም።

ሕክምናው ቅዳሜ ይጀመራል፤ አስታማሚም አብሮ ገብቶ እንዲማር ተፈቅዷል። እንዲህ የተጨበጠ እጅ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ይዛችሁት ኑ። ብቻውን የሚመጣ ካለ፣ መስተዋቱን እኔ እይዝለታለሁ።