ሁለቱም ግራ ናቸው፤ አይጣሉም

ጋሽ ሙሴ ሞተ አሉኝ።

አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም። ትናንት ከሰዓት እኮ ደውሎ "አንዲት የመቀነስ ምልክት ጠፍታብሻለች፣ ፈልጊያት!" ብሎ ተቆጥቶኝ ነው የዘጋው። ዛሬ ጠዋት ልቡ ቀጥ አለች ተባለ። ከዙሁር ሰላት በኋላ ቀበሩት። ምልክቷን እንዳገኘኋት እንኳ አልነገርኩትም።

ለማታውቁት፦ ጋሽ ሙሴ ድሬዳዋ ያደገ የሐርጌሳ ሰው ነው፤ እዚህ ሐርጌሳ ኮድቡር ሰፈር ፊዚክስ ያስተምር ነበር። እኔ ሰላም እባላለሁ፤ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ክርስቲያን፣ ሰኞ እስከ ሐሙስ አስተማሪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የእሱ ተማሪ ነኝ። "እሳቸው" ያላልኩት ከንቀት አይደለም። አንቱ ስለው "የድሬ ልጅ አንቱ ሲባል ያረጃል፤ ልታስረጂኝ ነው?" እያለ ይቆጣ ነበር። ስለዚህ ኮሜንት ላይ ሥነ ሥርዓት እንዳታስተምሩኝ።

ቅዳሜ የምንማረው ስለ ሱፐርኮንዳክተር ነው። በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት የሚያሳልፍ ቁስ ማለት ነው። ጋሽ ሙሴ ከእነሱ ውስጥ የወደደው ግራና ቀኝ ያላቸውን ክሪስታሎች ነበር። አተሞቻቸው እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ዞረው የተደረደሩ ናቸው፤ አንዱ ወደ ግራ ይዞራል፣ መንትያው ወደ ቀኝ።

"ሐርጌሳ ሆናችሁ? ያለ ላቦራቶሪ?" ትሉ ይሆናል። ያላለን የለም። አንድ ስብሰባ ላይ አንዱ ባለሥልጣን "እዚህ ለዓሣ የሚሆን በረዶ እንኳ በመከራ ነው፤ ይሄ ቅዝቃዜ ምን ያደርግልናል?" ሲለው፣ ጋሽ ሙሴ ሻዩን አስቀምጦ "ቅዝቃዜው ውጭ አገር አለ። እኔ ጋ ያለው ወረቀትና ጭንቅላት ነው፤ ሁለቱም ሙቀት ይችላሉ" አለው።

የሰንደሉን ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጣ፣ በር ላይ ከተከመረው ጫማ ሁለት ጥቁር ሰንደል አጥልቆ ሄደ። ሐሳቡ ስሌቱ ላይ ነው። ቤት ሲደርስ ባለቤቱ ኸዲጃ አየችና "አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱም ግራ ናቸው!" አለችው። ለአንድ ምስኪን ደግሞ ሁለት ቀኝ ቀርቶለታል። ጋሽ ሙሴ መስጊድ ተመልሶ አስነገረ። የሰንደሉ ባለቤት እስከ ዛሬ አልመጣም።

በማግስቱ ክፍል ይዟቸው መጣ። አንዷን ጠረጴዛ ላይ ጣላትና "ቀኝ አድርጉልኝ" አለን። አዞርናት። ገለበጥናት። እኔ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ አቆምኳት። ሳቀብኝ። "ግራ ጫማ ብትገለብጪውም ግራ ነው" አለኝ። ቀኝ የሚሆነው መስታወት ውስጥ ብቻ ነው፤ ክሪስታሉም እንዲሁ።

ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚሄዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ተጣማሪዎች ተቃራኒ ናቸው፣ እንደ ግራና ቀኝ ጫማ። አንድ ዓይነት ከአንድ ዓይነት የሚጣመሩም አሉ፣ ግን ብርቅ ናቸው። በተለመደው ክሪስታል ሁለቱ ዓይነት ጥንዶች አይቀላቀሉም። ግራና ቀኝ ባለው ክሪስታል ግን ክልከላው ይነሳል፣ ይቀላቀላሉ። ምን ያህል? እሱን ነው ስናሰላ የከረምነው። ጋሽ ሙሴ ሰንደሎቹን እያሳየ "እኔም በማይሆን ጥንድ ሄጄ ቤቴ ገብቻለሁ" ይለን ነበር።

ሰንደሎቹ ሰሌዳው አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቀሉ። "ተው፣ ለአገር የሚጠቅም ነገር ሥራ" የሚል ሰው ሲመጣ ወደ እነሱ ይጠቁምና "ግራ ጫማ ነኝ፣ ገልብጠኝ" ይላል።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ክፍሉን የሚያከራየን ሰውዬ መጣ። "አላህ ይርሐመው" አለ፤ አሚን አልን። ወዲያው ቀጠለና፣ መምህሩ ከሌለ ትምህርቱም የለም፣ ክፍሉን ለእንግሊዝኛ ኮርስ ሰጥቼዋለሁ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን አሮጌ ሰንደሎችም እጥላቸዋለሁ፣ ለምንም አይሆኑም አለን።

የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ደጃፍ ተሳስቷል። አፌን ልከፍት ስል ኸዲጃ ቀደመችኝ። እሷም የድሬ ልጅ ናት። እንባዋን በሻሿ ጠረገችና "ሰላም፣ ሂጂና ሰንደሎቹን አምጪልኝ። በረንዳው ይበቃችኋል" አለችኝ።

ሄጄ አመጣኋቸው። ይህን ስጽፍ ጭኔ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ስሙኝ፦ ቅዳሜ ትምህርት አለ። ጋሽ ሙሴ ቤት፣ በረንዳው ላይ። አበቃ ብላችሁ ለወሬ የተቻኮላችሁ ሁሉ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስሌቱም ያልቃል። እያለቀስን እንጨርሰዋለን።

አንተ ደግሞ፣ የዚያን ጁምዓ ሁለት ቀኝ ሰንደል አድርገህ ቤትህ የገባኸው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ አትፈር፣ ይዘሃቸው ና። መንትያው ክሪስታል ጎድሎናል።

ጋሽ ሙሴ፣ የመቀነስ ምልክቷን አግኝቻታለሁ። ገጹ ግርጌ ላይ ነበረች፤ እንደ ሁልጊዜው ልክ ነበርክ። እንደ እምነትህ አላህ ጀነትን ይስጥህ፤ እንደ እኔም እምነት እግዚአብሔር ነፍስህን በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልኝ። በጣም ነው የምትናፍቀኝ። ደህና ሁን፣ የእኔ መምህር። ክፍሉን ወስደውብናል። እኛን ግን እስቲ ይገልብጡን።