ለአሰልጣኙ የተላኩት ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ለቅርጫት ኳስ ልምምድ ማሪዬታ ከተማ ወዳለ ጂም ይዣት ስገባ፣ አዲስ የተወለወለው የእንጨት ወለል ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እግሬ በሩ ላይ ቀረ። ቫርኒሽ፣ የጎማ ጫማና የልጆች ላብ የተቀላቀሉበት ሽታ ነው፤ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፣ እኔን ግን መልሶ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ጣለኝ።

ያኔ እዚሁ አሜሪካ ስኮትዴል፣ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ከርሞ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የአሜሪካን ፉትቦል ይከፍታል፤ ሕጉን እስከ ዛሬ አያውቀውም፣ ግብ መግባቱን የሚያውቀው ከሕዝቡ ጩኸት ነው፣ ግን እንደ ዳኛ ይፈርዳል። በዚያ ዓመት ጥቁር ተጫዋቾች ፖሊስ ስለሚገድላቸው ወገኖቻቸው ብለው የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር መንበርከክ ጀመሩ። አባቴ ከሶፋው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው! ያን ሁሉ ዶላር ንቆ!» እያለ እኔንም አስነስቶ አስጨበጨበኝ። አባቴ ያጨበጨበለት ነገር ሁሉ ልክ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

ስለዚህ የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን አምበልና የልብ ጓደኛዬ ኪያና እኛም እንንበርከክ ስትለን፣ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ከልምምድ በኋላ ሁልጊዜ ቤቴ የምታደርሰኝ የኪያና እናት ነበረች፤ አባቴ ሥራ ላይ ስለሚሆን እሷ መኪና ውስጥ እንደ ሁለተኛ ልጅ ሆኜ ነበር፣ ቺፕሱ እንኳ ሁለት ይገዛ ነበር። ዓርብ ጨዋታ ላይ ሁላችንም ጎን ለጎን ተንበረከክን። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ተመልካች የቀረጸው ቪዲዮ አባቴ ስልክ ላይ የደረሰው እኔ ቤት ሳልገባ ነው። ያቅፈኛል ብዬ ነበር። ቀና ብሎም ሳያየኝ «በኳሱ የምታገኚው የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ይቅርብሽ? እኛ እኮ ገና የአሜሪካ ሲቲዝን አልሆንንም!» አለኝ።

ሰኞ ልምምድ ላይ ሳለን የጂሙ በር ተከፈተና አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ገባ። አገር ቤት ልጁ ያጠፋችበት ሰው እንደሚያደርገው፣ በመንበርከኬ ተቀይሟል ያለውን አሰልጣኝ ከእኔ ጋር በሽማግሌ ሊያስታርቅ መምጣቱ ነው። አሰልጣኙ ግራ ተጋብቶ ወንበር አመጣ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ወንበሩ ያልተመቻቸው መስሎት ከቢሮው የራሱን እየገፋ መጣ፤ አሁንም እምቢ። ልጆቹ ሲስቁ እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ጊዜ አባቴ ሁላችንም በምንሰማው እንግሊዝኛ፣ ልጄ ጨዋ ናት፣ ያሳሳቷት እነዚህ ጓደኞቿ ናቸው፣ ይቅር በላት አለና የአሰልጣኙን ጉልበት ሊስም ዝቅ አለ። ሳቁ ቆመ። ኪያና ኳሱን እንደያዘች ቀረች፤ እናቷ ልትወስደን መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

አሰልጣኙ ደስ ብሎት አባቴን ይነሱ፣ ይነሱ አለው። በሚቀጥለው ጨዋታ እኔን አሰልፎ ኪያናን ከአምበልነት አወረዳት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወላጅ ራሱ መስክሯል አይደል! ሽማግሌ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ ኪያና ግን የላክኋቸው እኔ መሰልኳት። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ባሰብኩ ነበር። የዚያን ሰኞ ወደ ቤት የወሰደኝ አባቴ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ዕርቅ ወረደ እያለ ያመሰግናል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ፊቴን አዙሬ አለቅሳለሁ። አባቴ ከዳኝ። ሌላ ቃል ፈልጌለት አላገኘሁም።

አሁን አርጅቷል፣ ሲቲዝንም ሆኗል። አንዳንዴ እራት ላይ «ያቺ እናቷ ታደርስሽ የነበረችው ልጅ የት ደረሰች?» ይለኛል። ከልቡ ነው፤ ያን ሰኞ ጨርሶ ረስቶታል። አላውቅም እለዋለሁ። ያን ጊዜ አንጀቱን እበላዋለሁ መሰለኝ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እዚህ አገር ጓደኛ አያዛልቅም» ብሎ ያጽናናኛል።