የመርፌ ዐሥራ አንድ ቴምፕሌቶች

እስቲ ያንን ከደረጃው ሥር ያለውን በር ተመልከቱ፤ «ንብረት ክፍል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን። ውስጥ የተቀመጠችው ሴትዮ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፈች ጸሐፊ ናት። ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንላትምና «መርፌ» ይሏታል።

ፎቅ ላይ ሳለች የቢሮው ሰው ሁሉ አንድ የማይለቅ አመል ነበረው፤ የትናንቱን ደብዳቤ ከፍቶ በላዩ ላይ መጻፍ። አንዱ ስም ይቀየራል፣ ሌላው ይረሳል። አንድ ቀን ባሏ የሞተባት ሴት የጡረታ ደብዳቤዋ ላይ የሌላ ሴት ሟች ባል ስም አገኘች። መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብላ፣ «የኔን ሰውዬ የት አደረሳችሁት?» እያለች አለቀሰች።

መርፌ ያን ቀን መላ ፍለጋ ጀመረች። ኮርስ የሚባል አልወሰደችም፤ በምሳ ሰዓት እየነካካች፣ እያበላሸች ቴምፕሌት መሥራት ተማረች። አርማው በቦታው፣ አርእስቱ በቦታው፤ ስምና ቀን የሚሞላበት ብቻ ግራጫ ሆኖ ክፍት። አዲስ ደብዳቤ ባሉት ቁጥር ባዶ ቅጂ ይሰጣል እንጂ ዋናው አይነካም። በአራት ወር ዐሥራ አንድ ዓይነት ሠራች። ለሁሉም ጎንበስ ብላ አሳየች፤ በተለይ አጠገቧ ለምትቀመጠው ለሳቂታ። ሳቂታ ስትወልድ ሥራዋን ሦስት ወር ደርባ የሠራችላት መርፌ ናት።

ፎቅ ላይ የክፍላቸው አስተባባሪነት ክፍት ሆነ፤ መርፌ ዓመታት የጠበቀችው ቦታ። በስብሰባው ሳቂታ ብድግ ብላ ዐሥራ አንዱንም በስክሪን አሳየች። «ስንት የለፋሁበት ነው» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

«እንዴ! የሠራሁት እኔ አይደለሁ?» አለች መርፌ።

«እህት ዓለም፣ ሐሳብማ ሰጥተሽኛል። መች ካድኩ?»

ኃላፊው ወደ ሌሎቹ ዞረ። «የምታውቁት ነገር አለ?»

ዘጠኝ ሰው ነበር። አንዱ ስልኩን ጎረጎረ፤ አንዷ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች፣ ገጠመች። የቀሩት ወለል ወለሉን አዩ።

ሳቂታ ተሾመች። «ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ካለ ሁለት ጸሐፊ ምን ያደርጋል?» ተባለና መርፌ ወደ ታች ተላከች።

በሳምንቱ ሳቂታ እያለከለከች መጣች። «የጡረታው ቴምፕሌት ራሱ ላይ ጽፌ ሴቭ አድርጌው፣ በከፈትኩት ቁጥር የዚያው ሰውዬ ስም ይመጣል። በናትሽ፣ ባለጉዳይ ቆሟል!»

«መጀመሪያ ማን እንደሠራው ለኃላፊው ንገሪው።»

«አሁን ይሄ ሰዓቱ ነው?»

መርፌ ስለ ባለጉዳዩ ብላ ወጣች፤ አስተካከለችው። ስትመለስ ከዘጠኙ አንዱ ደረጃው ላይ ጠብቋት፣ «እኛ እኮ እውነቱን እናውቃለን፤ አይዞሽ» ብሎ አንሾካሾከ።

«ማወቃችሁ ነው ያቃጠለኝ» አለችው።

እኔንም! ሳቂታስ ሹመት አገኘችበት፤ ዘጠኙ ምን አገኙ? አንባቢዬ፣ ከዘጠኙ አንዱ ከሆንክ ደረጃ ላይ ቆመህ አይዞሽ አትበላት። ነገ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ግባና ድምፅህን አውጥተህ፣ «የሠራችው እሷ ናት» በል።