መሪጌታ ወልደ ሰንበት የሣሉት ካርታ

ከደብረ ወርቅ ማዶ፣ ወይራ ማርያም በምትባል አጥቢያ፣ መሪጌታ ወልደ ሰንበት የሚባሉ ጸሐፊና ሠዓሊ ነበሩ። ብራና ሲፍቁ፣ ቀለም ሲበጠብጡ፣ መላእክት ሲሥሉ ኖረው በስልሳ ዓመታቸው፣ ደስ ሲል! መንግሥት የወንዝ ስም ጠየቃቸው።

ዘመኑ 1958 ዓመተ ምሕረት ነው። ድረስ የሚባል የካርታ ሠራተኛ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ወንዙም ጋራውም አለ፤ ስም ብቻ የለበትም። ገበሬው «መሬታችንን ለክቶ ግብር ሊጨምርብን ነው» ብሎ አፉን ዘጋ። መሪጌታ ግን «እግዜር የሰጠንን አገር ስሙን መደበቅ ውለታ መብላት ነው» አሉና አጥቢያውን በአንድ ሉክ ወረቀት ሥለው አርባ ሁለት ስም ጻፉበትና ለድረስ ሰጡት።

«ሰማዩን ሲሥሉ ኖረው ዛሬ ምድር ወረዱ?» አለቻቸው ሚስታቸው ጤናዬ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ድረስ ፊቱን አጥቁሮ ደረሰ።

«መሪጌታ፣ ዋሹኝ! ሸንበቆ ወንዝ ካሉኝ ቦታ ብሄድ ጋራ ነው፤ ገበያ ያሉኝም ገደል ነው! ስሙን ሁሉ ልሰርዘው ነው።»

ጎረቤታቸው እንዳላማው በሳቅ ፈረሰ። «እሰይ የኛ መሪጌታ! ወንዙን ጋራ አስወጡታ!»

መሪጌታ ወደ ድረስ ቀረቡ። ሲጽፉ አንዲት ነጥብ ስተው የማያውቁ ሰው፣ በአጥቢያው ሕዝብ ፊት ውሸታም ሊባሉ!

«እስቲ ወረቀቱን ስጠኝ፣ ልጄ።»

ሣሩ ላይ ዘረጉትና እንደ ልማዳቸው ወደ መቅደሱ፣ ወደ ፀሐይ መውጫው ዞረው ቆሙ። «ይኸው፤ ሸንበቆ ከፊቴ፣ ገበያው በቀኜ።»

ድረስ ወረቀቱን አየ፤ ፀሐይዋን አየ። «ቆይ... የወረቀቱ ራስ ምሥራቅ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ወዴት ሊሆን ነው? ስንጸልይ ወዴት እንዞራለን?»

«የኛ ካርታ ራሱ ሰሜን ነው እኮ!»

ፎቶግራፉን ከጎኑ አኑሮ የመሪጌታን ወረቀት ሩብ ዙር ወደ ቀኝ ቢያዞረው፣ አርባ ሁለቱም ስም ከየቦታው ቁጭ! ድረስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «ይማሩኝ፣ አባቴ። ሳልጠይቅ ፈረድሁብዎ።»

«እኔም አልነገርሁህ፤ እግዜር ይማረን» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

እንዳላማው ጭንቅላቱን እያከከ ጠጋ አለ። «መሪጌታ... የኔ ምንጭ ከወረቀቱ ቀርታለች መሰለኝ።»

«ተመስገን!» አሉ መሪጌታ፤ እርሳሱን አንሥተው። «በል ንገረኝ፣ ማን ትባላለች?»