ማካፈል ላይ ሳይደርሱ

ትናንት ሄግ ውስጥ ትራም ላይ አንዲት እናት ለልጇ የቤት ሥራ ስታስረዳ «ዴኖሚናዶር» ስትል ሰማኋትና በልጅነቴ እዚሁ ሄግ፣ ላክ በሚባለው ሰፈር ወደነበረችው ጠባብ ኩሽናችን በሐሳብ ተመለስኩ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ትርሲት ትምህርቷን ኩባ ጨርሳ እኛ ዘንድ መጥታለች። እኔ ክፍልፋይ አልገባ ብሎኝ አለቅሳለሁ። ከመስመሩ በታች ያለውን ቁጥር እሷ «ዴኖሚናዶር» ትለዋለች። አባቴ ደግሞ ሂሳብ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ሂሳብ አይመስለውም፤ ድንች እየላጠ «ዲኖሚኔተር በያት እንጂ!» ይላል። ትምህርት ቤት የሚጠይቁኝ ግን በደች ነው።

ትርሲት የሂሳቡን ቃልና ቁጥር ሁሉ በስፓኒሽ እየጠራች ስታስረዳኝ ትቆይና ማባዛት ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ታዜማለች፤ «ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ ስድስት።»

«ምነው፣ እዚህ ላይ ብቻ አማርኛ?» አላት አባቴ እየሳቀ።

«ማባዛት ያስተማረኝ አባዬ ነው፣ ጋሼ። እንዲህ እያዜመ። ሊዘምት ሲል እዚያ ድረስ ነበር የደረስነው።»

«ሲመለስስ ማካፈሉን አላስተማረሽም?» አልኳት እኔ።

አባቴ ቢላዋውን አስቀመጠ። ትርሲት ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ዴኖሚናዶር በይ፤ ጮክ ብለሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አባቴ በእንግሊዝኛ አላረማትም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ አባቷ ከዘመቻው አልተመለሱም፣ ከማባዛት ወዲያ ያለውን የተማረችው ኩባ፣ በስፓኒሽ ነው።

ትናንት ከትራሙ ስወርድ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ታወቀኝ። «ሰባት ጊዜ ስምንት» እያልኩ ነበር፤ አይቻቸው በማላውቃቸው በትርሲት አባት ዜማ።