እቴነሽ የመረጠችው አውራ ዶሮ

በደብረ ታቦር ገበያ የበዓል ዶሮ የሚገዛ ሰው እቴነሽን ሳያስዳስስ አይገዛም ነበር። ዶሮውን አንስታ በእጇ ትመዝናለች፣ ደረቱን ትጨብጣለች፣ ላባውን እፍ ብላ ቆዳውን ታያለች። ፍርዱ ግን ያለው ኩክኒው ላይ ነው። ራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠፍጣፋና ድርብ ከሆነ “ውሰደው” ትላለች፤ እንደ መጋዝ ቀጥ ብሎ የቆመ ነጠላ ከሆነ ፊቷን ታዞራለች። ነጠላ ኩክኒ ለእንግዳ አይቀርብም ባይ ናት። ኩክኒ ወጥ ውስጥ አይገባም ብሎ የሚከራከራት ሰው አልተገኘም።

አብዮቱ ዶሮ ቤት ድረስ በዘለቀበት ዘመን ለሴቶች ማኅበር አባላት የፈረንጅ ነጭ ዶሮ ዘር ሊታደል ሆነ፤ መጀመሪያ የተጠራችውም እሷ ናት። ጓድ ዘውዱ የሚባለው የዶሮ ርቢ ባለሙያ እንቁላሉን አስረክቦ ደንቡን ነገራት። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ከወንዶቹ አንዱን ለዘር መርጣ የላብ አደሮች ቀን ትርኢት ላይ ታቀርባለች። አውራው ንጹሕ ዘር ከሆነ ሴቶቹ ጫጩቶች፣ ቄቦቹ፣ የእሷ ይሆናሉ፤ ካልሆነ ለሌላ ሴት ይሰጣሉ። ምልክቱም ነጠላ ኩክኒ፣ ነጭ የጆሮ ሥጋና ቢጫ እግር መሆኑን አስረዳት። እቴነሽ እሺ አለች። በሆዷ ግን ፈረንጅ ስለ መኪና እንጂ ስለ ዶሮ ምን ያውቃል አለች።

እንቁላሉን ለሀገርኛ ዶሮዋ አስታቀፈች። ዶሮዪቱ ያን ሰሞን ራሷም ገና እንቁላል እየጣለች ነበር፤ ይህን ማንም ልብ አላለውም። ከተፈለፈሉት ወንዶቹ ሦስት ሆኑ፤ ሦስቱም ነጭ፣ ሁለቱ ባለ ነጠላ፣ አንዱ ባለ ድርብ ኩክኒ። እቴነሽ ድርቡን ስታይ የምትሆነውን አጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በገዛ ስሟ የተሰጣት ነገር ቢኖር እነዚያ ቄቦች ብቻ ናቸው፤ እነሱን እንዳታጣ ስትል፣ ባለሙያውም ሲያየው ይረታል ብላ፣ ድርቡን ለይታ ገብስ እየዘገነች ቀለበችው። ከነጠላዎቹ አንዱን ሽለምጥማጥ ሲወስድባት እንኳ ብዙም አላዘነችም። ሌላውን ለፋሲካ አቆየችው።

የፋሲካ ዋዜማ ችግር መጣ። በባህሉ ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያርድላት ጎረቤቷ ሙላቴ ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ጉና ወጥቷል። ያቆየችውን አውራ አቅፋ ደጅ ቆማ ወንድ ስትጠብቅ ጓድ ዘውዱ ብቅ አለ። ለመነችው። አብዮተኛ ሲባርክ እንዳይታይ ግራ ቀኙን አይቶ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ “በስመ አብ ወወልድ” ብሎ ባርኮ አረደላት። ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ሰው ዶሮ ሲያይ ኩክኒ አይታየውም። በማግስቱም ተጠርቶ መጥቶ በላና እጇን አመሰገነ።

የትርኢቱ ቀን ሜዳው በቀይ ባንዲራ ተሞላ። ጓድ ዘውዱ የእቴነሽን አውራ ተቀብሎ አገላበጠው። ኩክኒው ድርብ፣ የጆሮው ሥጋ ቀይ፣ እግሩ ነጭ። ታቃፊዋ ዶሮ የራሷን እንቁላል እንደቀላቀለች ወዲያው ገባው። ትርኢቱን ሊያዩ የመጡት ካድሬዎች በሰሙበት ይህ ሀገርኛ ነው፣ ቄቦቹ ለሌላ ይሰጡ አለ።

“ነጠላ ኩክኒ ያለው ወንድ አልወጣም ነበር?” ሲል ጠየቃት።

“ወጥቶ ነበር።”

“ታዲያ የት ገባ?”

እሷ ልታስፈራራው አላሰበችም፤ እውነቱን መናገሯ ነበር። “እሱንማ የፋሲካ ዋዜማ፣ ጓድ ዘውዱ፣ አንቱ ራስዎ በስመ…”

ጓድ ዘውዱን ክፉኛ ሳል ያዘው። ካድሬዎቹ ዞር ብለው አዩት። ሳሉ ሲለቀው ፍርዱን አሻሻለ፤ ቄቦቹ ጥፋት የለባቸውም፣ አውራው ብቻ ይለወጥ አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ቄቦቹ እርስዎ ዘንድ ይቆያሉ። አውራውን ግን ከእንግዲህ የምመርጠው እኔ ነኝ” አላት።

እቴነሽ በደስታ የመጣባትን እንባ በእጇ ጠረገች።

“ይምረጡ” አለችው። “ለማረዱ ግን ሌላ ሰው እጠራለሁ።”