ልታመምልሽ

የእህቴን ልጅ የሰፈሩ ሰው «መንገደኛዋ» ነው የሚላት። ሐኪም ለመሆን የምትማር ልጅ «ዶክተር» ትባላለች እንጂ እንዲህ ያለ ስም ይወጣላታል? ግን እውነታቸውን ነው። ሆስፒታሉ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ እኛ ወዲህ ጫፍ። ወፍ ሳይንጫጫ ትወጣለች፤ በአንዱ አውቶቡስ እስከ ትልቁ ጣቢያ፣ እዚያ ተጋፍታ ሌላ ትይዛለች፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱን በእግሯ። ማታ ያንኑ መንገድ በግልባጩ። መቀመጫ ስለማታገኝ ቆማ ነው የምታጠናው። አንድ ቀን የቲኬት ቆራጩን እጅ ይዛ የአጥንቶቹን ስም ስትደረድር፣ «እህት፣ ሒሳብ ልሰብስብበት፣ እጄን መልሺልኝ» አላት አሉ። ከዚያ ወዲህ ሲያያት ራሱ እጁን ይዘረጋላታል። ጉልበቱን የሚያሳያት፣ ምላሱን የሚያወጣላት ተሳፋሪማ ለጉድ ነው።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መኝታ ተሰጥቷት ነበር። «እማዬን ጥዬ?» አለችና እምቢ አለች፤ በቃ። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ነው የሞተው። እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ የምጋራቸው አክስት። ልብስ ሰፊ ነኝ። እታለም፣ ታላቅ እህቴን ማለቴ ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች። እንዲያ ብላ ነው ያስተማረቻት። የእናቲቱ ምኞት አንድ ነው፤ ልጇ ሐኪም ሆና ማየት። የልጅቷም አንድ ነው፤ እናቷን ከዚያ ካውያ አላቃ ቁጭ አድርጋ ማሳረፍ። በመሀል የቀረው ያ የተረገመ መንገድና አንድ ፈተና ነበር።

መንገዱ ግን አንድ ነገር ነሳት። እዚያው የሚያድሩት ተማሪዎች አመሻሽ ላይ ተረጋግተው በሽተኛ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ይጠይቃሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ያዳምጣሉ። የእኛዋ በዚያ ሰዓት የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጣት ትሮጣለች። አንድ ቀን የክፍሉ ትልቅ ሐኪም ሰው ፊት፣ «አንቺ በሽተኛ የምትጠይቂው በአውቶቡስ መስኮት ነው እንዴ?» ብሎ አሸማቀቃት። ምላሱን ይቁረጠውና! ቤት ገብታ ተንሰቀሰቀች። እታለም ጫማዋን እያወለቀችላት፣ «ይሄ ታዲያ ያስለቅሳል? እኔ ልታመምልሽ» አለቻት።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወይ እህቴን አለማወቅ! ልጆች ሆነን የአስተማሪዎቻችንን አካሄድና አነጋገር ስታስመስል፣ ስቀን ከክፍል የምንባረረው እኛ ነበርን፤ እሷ ጭምት መስላ ትቀመጣለች። አሁንም ቀን ሥራ ቦታ የሰው በሽታ ስትለቅም መዋል ጀመረች። ልብስ ሊያሳጥብ የመጣውን ሁሉ፣ ኩላሊት ያለበትን፣ አስም ያለበትን፣ «እስቲ ሲነሳብህ እንዴት እንዴት ያደርግሃል?» እያለች ታናዝዘዋለች።

ማታ ልጅቷ ትመጣለች፣ ነጭ ጋውኗን ትደርባለች፣ ተመልሳ ትወጣና በሩን ታንኳኳለች።

«ማነው?»

«ሐኪም ነኝ።»

«ይግቡ፣ ዶክተር።»

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ የሚባል ነገር የለም። አንቱ ይባባላሉ። «ምን ሆነው መጡ?» ትላለች ልጅቷ ኮስተር ብላ። «ተዉኝ ዶክተር፣ ጎኔን ሰንጎ ይዞኛል» ትላለች እታለም እየተንፈራገጠች። እኔ አስታማሚ ነኝ፤ «እህል የሚባል አልቀመሰችም» እያልኩ እጨምርበታለሁ። ላብ ካስፈለገ እታለም ከጣሳ ውኃ ጨለፍ አድርጋ ግንባሯ ላይ ትረጫለች። ሕጉም የታወቀ ነው፤ ሐኪሟ የበሽታውን ስም እስክታገኝ ድረስ በሽተኛዋ አትድንም። ልጅቷ ግራ ሲገባት «እማዬ፣ በናትሽ ንገሪኝ» ብላ ትለምናለች። «እማዬ ማናት? እውነቴን ነው የታመምኩት፣ ዶክተር!» ትላታለች እታለም። ስሙ የተገኘ ለታ ግን ብድግ ብላ «ዳንኩ!» ትልና ሻይ ትጥዳለች። ከሳቃችን ብዛት ጎረቤት ግድግዳ ይደበድብብናል።

እንዲህ እያለች ልጅቷ ተካነች። ያ አሸማቃቂ ሐኪም ሳይቀር፣ «ይቺ ልጅ በሽተኛ መጠየቅ የት ተማረች?» አለ አሉ። እታለም ይህን ስትሰማ እንዴት እንደተጀነነች! የቀረው የመጨረሻው ፈተና ነው፤ እሱም በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ ጠይቆ፣ በሽታውን ማወቅ ነው።

የፈተናው ዋዜማ እኔ የደንበኛ ቀሚስ ላደርስ ወጥቼ ነበር። የምነግራችሁ ልጅቷ የነገረችኝን ነው፤ አንዴ ነው የነገረችኝ፣ አልደገመችውም።

አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶባት ድክም ብሏት ነው የገባችው። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ያልታጠፈ ልብስ ጭኗ ላይ፣ የውኃው ጣሳ አጠገቧ። ጥም ይዟት ጠጥታበት ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ልጅቷ ጣሳውን አየችና ሳቀች። «ዛሬስ ሳልደርስ ጀመርሽው?» አለቻት። ጋውኗን ደረበች፣ ወጣች፣ አንኳኳች። «ማነው?» የሚል የለም። በሽተኛዋ ብሶባታል ማለት ነው ብላ ገባች።

«ምን ሆነው መጡ?»

«ደረቴን።»

«እንዴት ያደርግዎታል?»

«ድንጋይ የተጫነኝ... ግራ እጄም...»

«ወደ አንገት ይወጣል?»

እታለም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ግንባሯን ዳሰሰችው፤ እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ። ውኃው መሰላት። «ዛሬስ አልተቻልሽም!» አለቻት።

«እውነቴን ነው» አለች እህቴ። «እውነቴን ነው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ግን ስሙን አግኝታዋለች። አጨበጨበች። «የልብ ደም ሥር ተዘግቷል! አገኘሁት! በይ ድነሻል፣ ዛሬ ሻዩን እኔ ልጣድልሽ» ብላ ዞረች። ውኃ ቀድታ ስትመለስ እታለም በጎኗ ተጋድማለች። «ተነሺ እንጂ፣ ልክ ነኝ አይደል?» አለቻት። ልክ ነበረች። እህቴ ግን አልተነሳችም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እህቴ መቼ ደበቀች? አፍ አውጥታ ነገረቻት እኮ! እኔ ከደጅ ስገባ የሰማሁትን ጩኸት ጠላቴም አይስማው። ልጅቷ ጋውኑን እንደለበሰች የእናቷን ደረት በሁለት እጇ ትጫናለች፣ ትጫናለች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ እስኪያስለቅቃት ድረስ አልተወችም።

ከቀብር በኋላ አንጀቷን የሚበላት አንድ ነገር ነበር። «አክስቴ፣ ስንጫወት አንድም ቀን ልጄ ብላኝ አታውቅም። ዶክተር ነው የምትለኝ። ያን ቀን ልጄ አለችኝ። ሰምቻታለሁ። ሰምቼ ነው ያጨበጨብኩት።» እቅፍ አደረግኳት። ትልቁ ሐኪም ሊያስተዛዝናት ብሎ፣ ወዲያው ብታውቂም ኖሮ ከእናንተ ቤት እስከዚህ ያለው መንገድ አያደርሳትም ነበር አላት። እሷ «ለማጽናናት ነው» ትላለች። እኔም እውነቱን አላውቅም። መንገዱን ግን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

ፈተናው ተራዘመላት። ብቻዋን አልለቃትም ብዬ አብሬያት ሄድኩ፤ በዚያ መንገድ ስንት ዘመን እንደ ተንገላታች ያየሁት ያን ለታ ነው። ቲኬት ቆራጩ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋላት። አልያዘችውም። እሱም ጥቁር ልብሷን አየና እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ፤ በሩ ገርበብ ስላለ አያለሁ። ፈታኞቹ ተደርድረው ቆመዋል። አልጋው ላይ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴትዮ ተኝተዋል።

«ምን ሆነው መጡ?» አለች የእኔ ልጅ። ድምጿ ደህና ነበር።

«ደረቴን ነው ልጄ፤ ድንጋይ የተጫነኝ ያህል ሆኖ...»

ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለም። «ኦክስጅን!» ብላ ጮኸች። «ኧረ ድረሱ! እውነቷን ነው! እውነቷን ነው እኮ!» አልጋውን ይዛ ወደ በሩ መግፋት ጀመረች። ያ የረገምኩት ትልቅ ሐኪም ሮጦ እጇን ያዘ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ተረጋጊ፣ እኚህ ድነዋል፤ ነገ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ለፈተናው ሲባል የነበረባቸውን ነው የሚነግሩሽ» አላት። አላመነችውም። አልጋውን አልለቅም አለች።

ያኔ ሴትዮዋ ተነስተው ተቀመጡ። እጆቿን ከብረቱ አላቀቁና በእጃቸው ያዟቸው። «ድኛለሁ ልጄ» አሏት። «ይኸው እዪኝ፣ ድኛለሁ።» እሷ ጭናቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ፈታኞቹ ሌላ ቀን ትምጣ አሉን። መኝታም አሁኑኑ እንስጣት አሉ። «ቤቴ እገባለሁ» አለች። በመጨረሻው አውቶቡስ ተመለስን። ከእነሱ በር ስንደርስ ቁልፉ በእጇ ነው። አልከፈተችበትም። ከቦርሳዋ ጋውኗን አውጥታ ደረበች፣ አንኳኳች፣ ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠግታ ቆመች።

እኔም ከኋላዋ ቆሜ «ማነው?» የሚል ሰው ጠበቅኩ።